ያጋደለው ማዕዘን

አንድ መምህር ነበረ፤ ቀጥ ያለ መስመር በባዶ እጁ የሚያሰምር።

ቆይ፣ አታቋርጠኝ ምናሉ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «እትዬ፣ ባልደረባዬን የምቃወመው ለትምህርቱ ክብር ብዬ ነው፤ ሰው ግን ቀንተህ ነው ይለኛል። የቱ እንደሆነ በምን ልወቅ?» ነው ያልከኝ። አርባ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይኼን ስትጠይቀኝ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። መጠየቅህ ራሱ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው የማይጠይቀው ነው። ግን መልሱን በአንድ ቃል ብነግርህ በአንዱ ጆሮህ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ዝም ብለህ የሰውየውን ነገር ስማ።

ይህ መምህር ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ጂኦሜትሪ ያስተምር ነበር፤ ነጥብ፣ መስመር፣ ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማረ። እጁ ግን ምን እጅ ነው! ማስመሪያ ሳይዝ ጠመኔውን ከሰሌዳው ጫፍ ያስነሳና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ እስከዚያኛው ጫፍ ይወስደዋል፤ ውሃ ልክ ብታስቀምጥበት ንቅንቅ አይልም። ክብ ሲሠራ ክርኑን እንደ ችካል ተክሎ አንዴ ይዞራል፤ ከየት ተነስቶ የት እንደገጠመ አይታወቅም። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱን አጥር የሚሠራ ግንበኛ ነገሩን አላምን ብሎ ክር ይዞ ገባ። ክሩን መስመሩ ላይ ወጥሮ አየና፣ «እንግዲህ ሥራዬን የምለቀው እኔ ነኝ» ብሎ ወጣ። ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ቀድሞ የሚያስገባው ወደዚህ ክፍል ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ አርብ አርብ ሰሌዳውን ለማጥፋት እጇ አልታዘዝ እያላት እስከ ሰኞ ትተወው ነበር።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይኼን ልብ በል። ልጅ አይመታም፣ ከሥራ አይቀርም፣ ደወል ተደውሎ ደጅ ላይ አይገኝም። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ ምስጋና ለምዶ ነበር። ምስጋና እንደ ጨው ነው፤ ትንሹ ያጣፍጣል፣ የለመደ ምላስ ግን ያለሱ የሚበላው ሁሉ አልጫ ይሆንበታል።

አንድ ዓመት የተማሪው ቁጥር በዛና ስድስተኛ ክፍል ለሁለት ተከፈለ፤ ሀ እና ለ። ሀ ለሱ ቀረ። «ለ» ደግሞ አዲስ ለመጣች መምህርት ተሰጠ።

የመጀመሪያ ቀን አስተምራ ስትወጣ ወደ ክፍሏ ጎራ ብሎ ሰሌዳዋን አየ። ወይ ጉድ! መስመሯ ከጠጅ ቤት የወጣ ሰው ነው የሚመስለው፤ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። ትይዩ ናቸው ብላ ያሰመረቻቸው ሁለት መስመሮች ሰሌዳው ሳያልቅ ሊሳሳሙ ደርሰዋል። ክቧማ ድንች ነው። ሳቁን አፍኖ ወጣ፤ ቤቱ ሲገባ ግን አላስችለው አለ። «ምን አገኘህ ዛሬ?» አለችው ሚስቱ። «ድንች» አላትና እስኪያስነባው ሳቀ።

ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎት ሰነበተ። በመምህራን ማረፊያ ሻይ ጋበዛት። «አይዞሽ፣ እጅ በጊዜ ይገራል፤ ከፈለግሽ አሳይሻለሁ» አላት። እሷም ከልቧ አመሰገነችው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ መስመር ማስመር ዕድሌ አይደለም። የእርስዎን ሰሌዳ ሳይ ያስቀናኛል» አለችው። ይኼን ሲሰማ እንዴት ያለ ሰላም በደረቱ ገባ መሰለህ! ቅናት እኮ የሌላ ሰው ሲሆን ደስ ይላል።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያያቸው ስስ የጭቃ ግድግዳ ነበር። በሱ ክፍል ጸጥታ ነው፤ ዝንብ ብታልፍ ትሰማለች። ከወዲያ ግን ጫጫታ፣ ሳቅ፣ የዴስክ ጉተታ፣ «ነው!» «አይደለም!» የሚል ሙግት። መጀመሪያ ላይ «ልጆቹ አስቸገሯት፣ ምስኪን» ብሎ አዘነላት። በኋላ ጆሮውን ሲጥል ልጆቹ የሚሟገቱት ስለ ማዕዘን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ልጅ ስለ ማዕዘን ብሎ ጮኾበት አያውቅም። ጠመኔውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ልጆቹ «መምህር ታመሙ እንዴ?» ብለው እስኪጠይቁት ድረስ።

ነገሩ ምን መሰለህ፤ መስመሯ ጠማማ ስለሆነ ልጆቹ ዓይናቸውን አምነው መቀመጥ አልቻሉም። «ይኼን ዘጠና ዲግሪ ብዬ ነው የሳልኩት፤ እጄን ግን ታውቁታላችሁ። ነው ወይስ አይደለም? በምን እናረጋግጥ?» ትላቸዋለች። ፕሮትራክተር ያለው ልጅ ከክፍሉ ሦስት ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሳየቻቸው። ወረቀቱ ከየትም የተቀደደ ይሁን፣ ጠርዙም ይቦጫጨቅ፤ አንዴ ታጥፈዋለህ፤ ከዚያ ያጠፍከውን ጠርዝ በራሱ ላይ ገጥመህ እንደገና ታጥፈዋለህ። አለቀ። ጥጉ ዘጠና ዲግሪ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣውም ከዚያ አይበልጥም። ልጆቹ ይኼን ወረቀት «ምስክር» ብለው ሰየሙት። በየኪሳቸው ምስክር ይዘው መዞር ሆነ ሥራቸው፤ በር ይለካሉ፣ መስኮት ይለካሉ፣ የባንዲራውን እንጨት ከመሬቱ ጋር ይለካሉ፣ ጎንበስ ያለ ጓደኛቸውን ወገብ ሳይቀር ይለካሉ። አንጓች የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅማ የቤታቸውን አዲስ በር ለክታ፣ «ምስክሬ አልተቀበለውም» ብላ አናጢውን እንደገና አሠርታዋለች ይባላል።

መምህሩ ይኼን ሁሉ ያይ ነበር። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ልጆች ቀድመው ማንን ሰላም እንደሚሉ መቁጠር ጀመረ። እሷን ከበው ሲስቁ ካየ ቀኑን ሙሉ እህል አይቀምስም። የራሱ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት በሷ መስኮት ተንጠልጥለው ሲያገኛቸው ስማቸውን በደብተሩ ይጽፋል፤ ጽፎም ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደ። «ጫጫታዋ ክፍሌን ረበሸኝ፤ ለሥርዓት ብዬ ነው» አለ። ርዕሰ መምህሩ ነገራት። እሷም «ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅሁም» ብላ ልጆቿን ይዛ ሜዳ ወጣች። ይኸው ድሮ በግድግዳ የሚሰማውን አሁን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቆሞ ያየው ጀመር። ሰውየው በገዛ እጁ መድረክ ሰጣት።

ሌላ ቀን ደግሞ የገዛ ክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ እጅ ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምስክር ነው፣ መምህር።»

«ምን ሊመሰክር?»

«እርስዎ የሳሉት ዘጠና መሆኑን።»

ልጁ በየዋህነት ነው። መምህሩ ግን በጥፊ የተመታ ያህል ፊቱ ተለዋወጠ። «የእኔ መስመር ምስክር አያስፈልገውም» ብሎ ወረቀቱን ጨምድዶ በመስኮት ወረወረው። ልጁ ከዚያ ወዲያ ወረቀት አላጠፈም።

ቅዳሜ ሚስቱ ገበያ ስትሄድ ብቻውን ተቀምጦ ከአሮጌ ደብተር ገጽ ቀደደ። አንዴ አጠፈ፣ ሁለቴ አጠፈ። ጥጉን ከጠረጴዛው ጥግ ጋር ገጠመው፤ ልክ! ከሳጥኑ ጋር ገጠመው፤ ልክ! ሌላ ወረቀት ቀደደ፤ ጠርዙ እንደ ውሻ ጥርስ የተቦጫጨቀ፤ አጠፈው፤ አሁንም ልክ! ለአፍታ እንደ ሕፃን ደስ አለው። «እንዴት ያለ ድንቅ ነገር ነው!» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ትዝ አለውና ደስታው አፉ ውስጥ መረረ። ወረቀቱን ቦጫጭቆ ምድጃ ውስጥ ከተተው።

«ትምህርቱን እያበላሸችው ነው» አላት ሚስቱን በምሳ ላይ።

«ልጆቹ አልገባቸውም?»

«ገብቷቸዋል።»

«ታዲያ ምኑን አበላሸችው?»

«አይገባሽም። ጂኦሜትሪ ክብር አለው፣ ንጽሕና አለው! ጠማማ መስመር እያየ የሚያድግ ልጅ ምን ይወጣዋል? እኔ ለትምህርቱ ክብር ብዬ ነው እንጂ እሷ ምኔ ናት?»

«እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ሚስቱ፤ «ብቻ ስለ ጠማማው መስመር ስታወራ ድምፅህ ደህና ነው። ልጆቹ ወደዷት ስትል ነው የሚሰበረው።»

ምሳውን ትቶ ተነሳ። እንዲህ ያለች ሚስት ለቀናተኛ ሰው መድኃኒት ነበረች፤ ኮሶ ግን ማን ወዶ ይጠጣል?

እንዲህ ሆኖ ሳለ ርዕሰ መምህሩ ሁለቱን ጠራቸው። «አዲሱ ሰፊ ክፍል ተጠናቋል» አላቸው፤ «ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ሀ እና ለ አንድ ላይ ይማራሉ። ጂኦሜትሪውን ከሁለት አንዳችሁ ትይዛላችሁ። ሌላው ሦስተኛ ክፍል ወርዶ የእጅ ጽሕፈት ያስተምራል።»

መምህሩ ደነገጠ። ያለ ጂኦሜትሪ እሱ ምንድን ነው? ሰሌዳው ከተወሰደበት፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ሌላ ክፍል ከተወሰደ፣ ጠዋት ለምን ብሎ ይነሳል? «በአገልግሎት ዘመን አይደለም እንዴ የሚታየው?» አለ፤ ድምፁ ቀጠነበት።

«ወላጆች የልጆቹ ዕውቀት ይታይ ብለዋል። በወላጆች ቀን ከየክፍሉ አንዳንድ ልጅ ይውጣና ይወዳደር፤ ያሸነፈው ልጅ መምህር ይይዘዋል።»

ሥዕሉን ማን ይሳል ሲባል መምህርቷ ቀደመች። «ጋሼ ይሳሉ እንጂ! እኔ ከሳልኩማ ወላጅ ይስቅብናል።» ዳኛስ? «እሳቸው እያሉ ሌላ ዳኛ ምን ያደርጋል? የእሳቸው መስመር ዋሽቶ አያውቅም» አለች። ርዕሰ መምህሩም ሁለቱ ከተስማሙ ብሎ ፋይሉን ዘጋ። አየህ፣ ሴትዮዋ አመነችው። በሚያምንህ ሰው ላይ መቅናት ምን ያህል እንደሚከብድ የቀና ያውቀዋል፤ ብትጠረጥረው ኖሮ ይቀለው ነበር።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ዘግቶ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ያስብ የነበረው ስለ ራሱ ተማሪ አይደለም፤ የሷ ልጅ የምትሰናከልበትን ነበር የሚፈልገው። አገኘውም። ሁለት ማዕዘን ሳለ። የመጀመሪያው አንዱ ጎኑ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ሌላው ጎኑ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ሲያዩት ዘጠና ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሰማንያ ስድስት ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ዘጠና ነው፤ ግን አጋድሎ ነው የሳለው፤ እንደ ጎጆ ጣሪያ ጫፉን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ሁለት እግሩን ወደ ታች አንፈርክኮ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከሁለቱ ዘጠናው የቱ ነው? «የእኔ ልጅ በንጹሕ መስመር ያደገ ነው፤ ዓይኑ አይስትም» ብሎ አሰበ። «የሷዎቹ ግን ድንች እያዩ ነው ያደጉት።» ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እሱ ግን እየሳለ ያፏጭ ነበር።

በማግሥቱ ሰሌዳው ሜዳ ወጥቶ ሁለት ዴስክ ላይ ተደገፈ። ወላጅ ሣሩን ሞላው። መጀመሪያ የሱ ልጅ ወጣ፤ ያ አንደኛ የሚወጣው። ሁለቱን ማዕዘኖች አየ፤ ለማሰብ እንኳ አልቆመም።

«ይኼኛው ነው» አለ፤ የመጀመሪያውን እየጠቆመ።

«ለምን?» አለ መምህሩ።

«ቀጥ ብሎ ቆሟላ! ያኛውማ ተንጋዷል፣ መምህር።»

መምህሩ የልጁን ጣት ተከትሎ ሰሌዳውን አየ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያጋደለ ዘጠና አንድም ቀን ስሎ አያውቅም ነበር። ሁሌም አንዱ ጎን ተኝቶ፣ አንዱ ጎን ቆሞ፤ አምሮ፣ ተስተካክሎ። ልጆቹ ከሱ የተማሩት ዘጠና ማለት ቀጥ ብሎ የቆመ ማለት ነው። ይኸው ለሰው የማሰው ጉድጓድ ውስጥ የገዛ ተማሪው ገብቶ እየሳቀ ቆሟል።

አንጓች ወጣች። ከደብተሯ ገጽ ገነጠለች። አንዴ አጠፈች፣ ሁለቴ አጠፈች። ጥጉን በመጀመሪያው ማዕዘን ውስጥ ብታስገባው እንቢ አለ። «ጠባብ ነው፤ ምስክሬ አልገባም» አለች። ወደ ሁለተኛው ሄደች። ወረቀቷን እንደ ማዕዘኑ አጋድላ ገጠመችው። ሁለቱም ጎን ከመስመሩ ጋር እኩል ሆነ፤ ፀጉር አያስገባም። «ገባ። ዘጠናው ይኼ ነው። ስላጋደለ ነው እንጂ የተለወጠ ነገር የለውም።»

አሁን ስማኝ ምናሉ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅቱ ይኼን ስትል መምህሩ ደስ አለው! አዎ፣ ደስ አለው። መምህር ነዋ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ የምትመልስ ልጅ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። «ጎበዝ!» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ወደ መምህርቷ ሄደ። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ልጅቷን ታያለች። ያን ፊት ሲያይ ቃሉ ተመልሶ ወረደ። በቦታው ሌላ ቃል ወጣ።

«የመጀመሪያው ነው ትክክሉ» አለ።

ሜዳው አጨበጨበ። ወላጅ ምን ያውቃል? ለሱም የቆመው የቆመ፣ ያጋደለው ያጋደለ ነው የሚመስለው። አንድ ሽማግሌ «እሳቸው ካሉ አለቀ!» ሲሉ ተሰሙ።

አንጓች ወረቀቷን ገልብጣ አየችው። «እስቲ እርስዎ ይለኩት፣ መምህር» አለች።

«ወረቀት ይንሻፈፋል። የመጀመሪያው ነው ብያለሁ።»

ልጅቷ ወረቀቷን አየች፤ ፊቱን አየች። ከዚያ «እሺ መምህር» አለችና ሄዳ ተቀመጠች።

መምህርቷ ተነስታ ወደ ሰሌዳው መጣች። ሁለቱን ማዕዘኖች ቆማ አየችና ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ እንዲህ አይሳሳትም» አለችው። ርዕሰ መምህሩ ዘንድም ሄዳ ነበር፤ «ዳኛውን የመረጥሽው አንቺው ነሽ» አላትና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ሦስተኛ ክፍል ወረደች። በዚያች እጇ የእጅ ጽሕፈት! አትሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ፤ ስቄም አፍሬያለሁ።

እሱስ? እሱማ ያሰበው ሞላለት። ሰፊው ክፍል የሱ ሆነ፤ ሰሌዳው ከድሮው ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ቅናት ያሸነፈ ዕለት የሚያርፍ ይመስልሃል? በሦስተኛ ክፍል ደጅ ሲያልፍ ሕፃናቱ በሳቅ ሲፈርሱ ይሰማና እርምጃው ይዛባል። «አሁን ደግሞ በምን አሳቀቻቸው?» ይላል። ጂኦሜትሪውን ወስዶባት እንኳ የእጅ ጽሕፈቷን ቀናባት።

ግን እንዳልኩህ ክፉ ሰው አልነበረም። ያቺ «እሺ መምህር» ትከነክነው ነበር። «ስህተቴን አርማለሁ» አለ በሆዱ፤ «በአፌ ባልናገርም በሰሌዳው አርመዋለሁ።» እናም አንድ ሰኞ ከመቶ የሚበልጡ ልጆች ፊት ቆሞ በሕይወቱ ያልሳለውን ሳለ፤ ያጋደለ ዘጠና። መስመሩ ከምንጊዜውም ያማረ ነበር።

«ይኼ ማዕዘን ዘጠና ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ወደ ልጆቹ ዞረ።

ማንም አልመለሰም። ያ ሁሉ ዓይን ሰሌዳውን ትቶ ፊቱ ላይ አረፈ። የቅንድቡን እንቅስቃሴ፣ የከንፈሩን ጫፍ ይከታተላሉ፤ መልሱ ከዚያ ይወጣ ይመስል።

«ለምን እኔን ታያላችሁ? ሰሌዳውን እዩ እንጂ!»

ሰሌዳውን አየት አድርገው ተመልሰው ፊቱን አዩ።

«ለኩት! ወረቀት የላችሁም? ምስክራችሁ የታለ?» እጅ የሰደደ የለም። «አንጓች! አንቺ ታውቂያለሽ። ምስክርሽ የታለ?»

አንጓች ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ትቼዋለሁ፣ መምህር።»

«ለምን ተውሽው?»

«እርስዎ ነው ካሉ ነው፤ አይደለም ካሉ አይደለም። ወረቀቱ ምን ያደርጋል?»

ልጅቷ አላሾፈችም። ያሾፈች ብትሆን በወደደ። የተማረችውን ነው የመለሰችው፤ ያስተማራትም እሱ ነው።

ሰውየው ጠመኔውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለማድረግ ብዙ ሰው ወኔ የለውም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት፣ «አንጓች፣ የዚያን ቀን ትክክሉ ያንቺ ነበር። ዘጠናው ያጋደለው ነው። እያወቅሁ ነው የዋሸሁት» አለ።

እሱ የጠበቀው እንድታለቅስ፣ ወይም እንድትቆጣ፣ ወይም ደግሞ ደስ ብሏት ጓደኞቿን እንድታይ ነበር። አንጓች ፊቱን ጥቂት ጊዜ አየችው፤ የሜዳው ዕለት እንዳየችው አድርጋ።

«እሺ መምህር» አለችና ተቀመጠች።

ያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ውሸቱን የተቀበለችው እሱ ስላለ ነው፤ እውነቱንም የተቀበለችው እሱ ስላለ ነው። ሌሎቹም ልጆች እስክሪብቶ አንስተው ያለውን በደብተራቸው ጻፉ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ለመለካት ከመቀመጫው የተነሳ አንድም ልጅ አልነበረም።

ይኸው ነው፣ ምናሉ። አንተ ያ መምህር ነህ አላልኩህም፤ አንተ ገና ሜዳው ላይ ነህ፣ ገና አልፈረድክም። ግን በምን ልወቅ አልከኝ፤ በዚህ እወቅ። የባልደረባህን ጥፋት እየዘረዘርክ አትምጣብኝ፤ የሰው ጥፋትማ ለወዳጅም ለቀናተኛም እኩል ነው የሚታየው። ሆድህን የምትመረምረው እሱ ትክክል የሠራ ዕለት ነው። የሱ ተማሪ ተነስቶ የአንተን ልጆች ያቃታቸውን ሲመልስ፣ «ጎበዝ» የሚለው ቃል ከአፍህ ወጣ ወይስ ጉሮሮህ ላይ ቀረ? ከወጣ፣ ሂድና ጥፋቱን ተናገር፣ ጩኽ፤ ለትምህርቱ ነው፤ እኔም በዚህ በእርጅናዬ አብሬህ እጮኻለሁ። ከቀረ ግን፣ የምትለው ሁሉ እውነት እንኳ ቢሆን ዝም በል። የቀናተኛ እውነት ልጆቹን «እሺ» ያሰኛቸዋል እንጂ አያሳያቸውም፤ ቅናትህ የሚጎዳው ያን ሰውዬ ብቻ ቢሆንማ ምን ገዶኝ፣ ልጆቹ ናቸው መለካት የሚተዉት።

በል እስቲ፤ ባለፈው ሳምንት የሱ ክፍል በፈተና ከአንተ ክፍል በልጦ ተነበበ አሉ። ያኔ ሆድህ ምን አለ?

ፊቴን አትይ፣ ምናሉ። እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።